አምስተኛው ሰው

«እሁድ ትገባለህ?»

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ይህን የጠየቁኝ አውድማቸው ላይ ቆመው ነው። ጥምጥማቸውን አውልቀው ራሳቸውን በአሮጌ ነጠላ ሸብ አድርገዋል፤ በእጃቸው መንሽ ይዘዋል፤ ጺማቸው ላይ የጤፍ እብቅ ተጣብቋል። መግባት ያሉት መቅደስ መግባትን ነው። እኔ ዲያቆን ነኝ። በዐሥራ አንድ ዓመቴ ጳጳስ ሾመውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሹመቱን የሻረው ማንም የለም። ጥያቄው የሚፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። እኔ ግን እብቅ ዓይኔ ውስጥ የገባ አስመስዬ ፊቴን ማሻሸት ጀመርኩ።

«ላስብበት፣ አባ።»

«አስብበት» አሉና መንሹን አነሡ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ይህን ሁሉ ዓለም በስድስት ቀን ፈጥሮታል፤ ላንተ አምስት ቀን ይበቃሃል።»

ግራር ውኃ ሚካኤል ከማንኩሳ ተነሥቶ ወደ ቆላው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ትንሽ ደብር ነው። ሁለት ቄስና ሁለት ዲያቆን አለው። ቅዳሴ ደግሞ በአምስት ሰው ነው የሚቆመው፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንድ ከጎደለ የለም። ሦስተኛው ዲያቆን አብተው በመጋቢት ወደ ቡሬ ከሄደ ጀምሮ ደወሉ ይደወላል፣ ኪዳን ይደርሳል፣ በሩም ይከፈታል፤ ቅዳሴ ግን የለም። መቁረብ የፈለገ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ወዳለው ደብር ይሄዳል። አዲስ ዲያቆን ለማሾም ጳጳሱ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ሳምንት ክፍት ቢሆን ሁለት ሳምንት ዝግ ነው።

እሁዱን ከሌላው እሁድ የለየችው የእህቴ ልጅ ናት። ባንቺአየሁ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሁድ ልጇ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ በዚያው ቅዳሴ ትቆርባለች። ከሦስት ዓመት በፊት ባንቺአየሁ የመጀመሪያ ልጇን በስድሳ አራተኛ ቀኗ አጥታለች። ሳትጠመቅ ስለሞተች ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ከቅጥሩ ውጭ ከግራሩ ሥር ነው የተቀበረችው። ያን ጊዜ እኔ ህንድ ነበርኩ። በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብያት ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሼ ገባሁ።

ህንድ የሄድኩት ለትምህርት ነው። በደቡቡ በኩል፣ ኮኮነትና ጎማ ዛፍ በሞላበት አገር፣ ሦስት ዓመት የነገረ መለኮት ትምህርት ተማርኩ። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ቅዳሴ ነው፤ የአገራችንን የብራና ቅጂዎች እያስተያየሁ የትኛው ቃል የት እንደገባ፣ የትኛው የት እንደወጣ እጽፋለሁ። የቀረኝን ምዕራፍ ለመጨረስ ነው በጥቅምት የመጣሁት። መብራት ስለማያስተማምን ፍኖተ ሰላም፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። በሳምንቱ መካከል ላፕቶፔን ይዤ እጽፋለሁ፤ ሲመቸኝ ደግሞ ወደ ግራር ውኃ ወርጄ ብራና ፎቶ አነሣለሁ፣ እህቴ ቤት አድራለሁ። የመመለሻ ትኬቴ ለታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

ጥርጣሬው የጀመረኝን ቀን አላውቀውም። ጠብ አልነበረም፤ ያስከፋኝ መምህርም የለም። ሰባት ቅጂ አምድ በአምድ ደርድሬ ስመለከት ኖሬ፣ አንድ ቀን ጸሎቱን ስሰማ የምሰማው ልዩነቱን ብቻ ሆነ። ይህ ቃል በሦስተኛው ቅጂ የለም፤ ይህ በኋላ የተጨመረ ነው። ስፌቱን ካየሁ በኋላ ልብሱን መልበስ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልገባሁም። ሴሚናሪው ውስጥ ሲጠሩኝ አንድ ጊዜ ጉንፋን ነው እላለሁ፣ አንድ ጊዜ ወገቤን። ለአገር ቤት ሰው ግን ምን ተብሎ ይነገራል? እዚህ እኔ ባሕር ተሻግሮ የተማረ ዲያቆን ነኝ።

ያን ማክሰኞ ከአውድማው ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ባንቺአየሁ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ልጅቱን ታጠባለች። ባሏ ትዕዛዙ የእርፍ እንጨት ይጠርባል።

«ከአባ ጋር ተገናኛችሁ?» አለችኝ።

«ተገናኘን።»

«ምን አሉህ?»

«ስለ ጤፉ ተጫወትን።»

ትዕዛዙ መጥረቢያውን አቁሞ ሳቀ። «ጤፍ! ሰውየው ከህንድ የመጣው የአባን ጤፍ ሊያይ ነው እንግዲህ።»

«ዝም በል አንተ» አለችው። ልጅቱን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረቻት። በዚህኛው ወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ሆስፒታል ዐሥራ ሁለት ቀን ተኝታለች፤ እስከ አሁን ከጓዳ ደጃፍ ስትደርስ ያልባታል። ገደሉን ወርዳ ማዶ መውጣት አይታሰብም። ልጅቱን ለክርስትና እናቷ ሰጥታ መላክ ትችል ነበር። አትልክም። ለምን ብሎ የጠየቃትም የለም።

«እሁድ ሰማንያ ይሞላታል፣ ወንድም ዓለም» አለች፤ እኔን ሳይሆን ልጅቱን እያየች። ቢሆንልኝ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውን መውጫ አገኘሁ፤ አብተው! ከእሱ ጋር በአንድ የኔታ እግር ሥር ተምረናል፣ በአንድ ደበሎ ተኝተናል፣ ቁራሽ ስንለምን አንድ ውሻ ሁለታችንንም ነክሶናል። ቡሬ የሄደው ለሥራ ነው ተብሏል። ለአንድ እሁድ ይዤው ብመጣ አምስት ይሞላሉ፤ ልጅቱ ትጠመቃለች፤ እኔም ከኋላ ቆሜ አስቀድሳለሁ።

ረቡዕ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ሐሙስ መንገዱ ክፍት ነው ሲሉ ሚኒባስ ያዝኩ። ማንኩሳ ላይ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ቡሬ እያስነጠሰ ሄደ። አብተውን መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት፤ መስተዋቱ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል የተለጠፈበት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«ገኔ! አንተ ፈረንጅ!»

«ህንድ ፈረንጅ አይደለም።»

«ከግራር ውኃ ሲታይ ሁሉም ፈረንጅ ነው። ና ግባ፣ ሊቅ በነጻ ነው የሚሄደው።»

ከተማውን አንድ ጊዜ አዞረኝ። እየነዳ ስለ የኔታ አለንጋ፣ ስለዚያ ውሻ፣ ስለ ማን አገባ ማን ሞተ አወራን። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። እየሳቀ ነበር የሚሰማኝ፤ እሁድን ስጠራ ሳቁ ቆመ። ባጃጁን ወደ ዳር አውጥቶ ሞተሩን አጠፋ።

«አልችልም።»

«ለአንድ እሁድ እኮ ነው። ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ። ሥራህን ለአንድ ቀን…»

«ሥራ አይደለም።» የሸንኮራውን ምጣጭ ወደ ቦዩ ወረወረ። «አፍርሻለሁ፣ ገኔ።»

ዲያቆን ሳያገባ ሴት ካወቀ ዲቁናው ይፈርሳል። ንስሐ ይገባል፣ ይቆርባል፣ ያገባል፤ ዲቁናው ግን አይመለስም። ይህን እኔም እሱም ከየኔታ የሰማነው ገና ሴት ምን እንደሆነች ሳናውቅ ነው።

«መቼ?» አልኩት።

«የካቲት መጨረሻ ላይ። ሕሊና ትባላለች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ጽዳት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ስታያት ትወዳታለህ። አሁን ስድስት ወሯ ነው።»

«አንተ ግን የወጣኸው በመጋቢት ነው።»

«አዎ። ካፈረስኩ በኋላ ሁለት እሁድ ገብቻለሁ። ማንም አያውቅማ! በመጀመሪያው እሁድ ምንም አልሆንኩም፤ ወጥቼ እንደውም ጠላ ጠጣሁ። በሁለተኛው አንዲት አሮጊት ሊቆርቡ ቀረቡ። ጽዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄ ጋለ። እንዳይመስልህ፣ ተረት አይደለም የማወራህ፤ ፍም እንደያዝኩ ነው የጋለው። ልደፋው ነበር። በማግስቱ የዘወትር ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ መጣሁ።»

«ለአባ አልነገርክም?»

«ለሌላ ቄስ ነው የተናዘዝኩት፤ እዚሁ ቡሬ። አባን በምን ዓይኔ ልያቸው? ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አንተስ ለምን አትገባም? አንተም አፈረስክ እንዴ?»

«የለም።»

«ህንዶቹ እምቢ አሉህ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ይጠብቃል። ለሁለት ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ቡሬ ከተማ፣ ባጃጅ ውስጥ ተናገርኩ። «እንደ ድሮው የማምን አይመስለኝም፣ አብተው።»

በአጠገባችን በርበሬ የጫነ የፈረስ ጋሪ አለፈ፤ ሁለታችንም አስነጠሰን።

«ካላመንክ ታዲያ ምን ያስፈራሃል?» አለኝ።

«እንዴት?»

«እኔ እሳት ነው ብዬ ስለማምን ሸሸሁ። አንተ የዘቢብ ውኃ ነው የምትል ከሆነ ግባና ያዘው። ምን ያቃጥልሃል? ለባንቺአየሁ ልጅ ስትል ያዘውና ውጣ።»

ብራና ላይ የተጻፈ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ በግርጌ ማስታወሻ አልፈው ነበር።

መናኸሪያው ድረስ መለሰኝ። ስወርድ እጄን ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከገባህ የክርስትና ስሜን አንሣልኝ። ገብረሰንበት ነው፣ ታውቀዋለህ። ካነሣኸው ደግሞ ንገረኝ።»

«እኔ ብነግርህ ምን ይጠቅምሃል? ጸሎት ከሆነ የሚሰማው ሌላ ነው።»

«ተው አንተ ሊቅ! ንገረኝ ብቻ።»

ዓርብን ክፍሌ ውስጥ ዋልኩ። ምዕራፉን ከፈትኩት፤ ከጧት እስከ ማታ ሁለት አረፍተ ነገር ጻፍኩና አንዱን ደመሰስኩት። ከግድግዳው ጀርባ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ይጮኻል። እህቴ እዚያ ተኝታ በነበረችበት ጊዜ ደም የሰጣት ትዕዛዙ ነው። ሐኪሙ ወንድም የላትም ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ግራር ውኃ ወረድኩ። ቄስ ሃይለ ሚካኤልን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሁን ጥምጥማቸው በቦታው ነው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«አብተው ምን አለ?»

«ቡሬ መሄዴን ማን ነገረዎት?»

«የቡሬ በርበሬ ልብስህ ላይ አለ። ምን አለ?»

«ሥራ በዝቶበታል።»

ትንሽ አዩኝ። «ይበዛበታል» አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቁም። የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ሁሉንም ሳይሆን የሚበቃቸውን ያህል።

አንድ መውጫ ቀርቶኝ ነበር። «አባ፣ ህንድ አገር አንድ ቄስ ከአንድ ዲያቆን ጋር ሆኖ ሲቀድስ አይቻለሁ። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው።»

«ደግ ነው። በአገራቸው ይቀድሱ።»

«እኛም በአራት…»

«በአራት ብንገባ ሕዝቡ አምስተኛው የት ሄደ ይለኛል። ምን ልበል? ከአውድማው ዳር ተቀምጦ እያሰበ ነው ልበል?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ ሰባቱ ቅጂ፣ ስለ ሁለቱ ዓመት፣ ስለ ጉንፋኑና ስለ ወገቤ። በአማርኛ ስናገረው ነገሩ ከምፈራው ያነሰ ሆነብኝ፤ ይህም አሳፈረኝ። አባ መሬቱን በመቋሚያቸው እየጫሩ ሰሙኝ። ስጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሴት?»

«የለም፣ አባ።»

«የሚደማ ቁስል አለብህ?»

«የለም።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ጾም ነው። ቀትር ላይ ሽሮ።»

«ከአሁን በኋላ ውኃም አትቅመስ። እኔ እንድጠይቅ የታዘዝኩት ይህንን ነው። ሌላውን ለንስሐ አባትህ ትነግረዋለህ፤ ንስሐ አባትህም እኔ ነኝ፤ ይኸው ነገርከኝ።» መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ግንባሬን ነኩኝ፤ ጥቂት ደገሙ። «እኔም ልንገርህ። አርሼ የዋልኩ እንደሆነ በማግስቱ ዕጣን እያጠንኩ በሬዬ ይታየኛል። ዳምጤን እኮ ነው፣ ቀንዱ አንድ የሆነውን። እንደዚህ ሆኜ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቀድሻለሁ። ላንተ የሚታይህ ብራና ነው፤ ንጹሕ ነገር ነው።»

«እሱ እኮ ሌላ ነው፣ አባ።»

«ሌላ ይሆናል። እኔ አልተማርኩም። እሁድ ትገባለህ ወይስ አትገባም?»

ከተቀመጥንበት ግራሩ ይታያል። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ክምር ማክሰኞ ሳልፍ አላየኋትም ነበር፣ ወይም ማየት አልፈለግሁም። ዙሪያዋ ከብት እንዳይረግጣት በአዲስ እሾህ ታጥራለች። እንጨቱ ገና አልደረቀም። የባንቺአየሁ እጅ ሊሆን አይችልም፤ እስካሁን ከደጃፍ አላለፈችም። የትዕዛዙ አጠራረብ ግን ይታወቃል።

«እገባለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ልብሱን አሁን ሞክረው። የተሰፋው ለአብተው ነው፤ አንተን ያጥርሃል።»

አጠረኝ።

እሁድ ገና ጎሕ ሲቀድ ደወሉ ሲደወል ሰዉ እየሮጠ መጣ። ቅዳሴ እንዳለ ትዕዛዙ በየቤቱ እየዞረ ተናግሮ ኖሯል። ኅብስቱ ከሚጋገርበት ከቤተልሔም መሶቡን ተሸክሜ ስወጣ እግሬ መንገዱን ያውቀዋል፤ ጭንቅላቴ ግን ይቆጥራል፤ ይህ በሁለተኛው ቅጂ አለ፣ ይህ በአምስተኛው የለም። መቁጠሩን እንዲተው ብለምነውም አልተወም። ከዚያ ተራዬ ደረሰና «ተንሥኡ» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረ። ከኋላዬ ግን ሕዝቡ ተነሣ። የነጠላው፣ የመቋሚያው፣ የአሮጊቶቹ ጉልበት ድምፅ አንድ ላይ ተሰማኝ። ይህ በየትኛውም ቅጂ ላይ አልተጻፈም። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም እንጂ መቁጠሬን ረስቼ ነበር።

ልጅቱ ወለተ ጊዮርጊስ ተባለች። ከጥምቀቱ ውኃ ሲያወጧት አልጮኸችም ነበር፤ ለመቁረብ ስትቀርብ ነው የጮኸችው። ባንቺአየሁ በነጠላ ተሸፍና፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆማለች። አባ ሥጋውን ሰጧት፤ ጽዋውን ይዤ ቀረብኩ። የልጅቱ አፍ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። እጄ አልጋለም። ከባድ ነበር፣ ያን ያህል ብቻ ነው ማለት የምችለው፤ እንደዚያ ያለ ትንሽ ጽዋ ሊኖረው ከሚገባው በላይ ከባድ ነበር። ተንቀጠቀጥኩ። አባ ክርኔን ከሥር ያዙልኝ፤ ማንም አላየም። ልጅቱ ቀመሰች፣ ፊቷን አኮማተረች፣ አስነጠሰች። እህቴን ቀና ብዬ አላየኋትም።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ገብረሰንበት አልኩ፣ በከንፈሬ ብቻ። ለማን እንዳልኩት አሁንም አላውቅም። ስሙን ግን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ስሙ የሚገኝበት ቅጂ የለም፤ የምቆጥረውም ነገር አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ዳቤ፣ ወፍራሙ ዳቦ፣ ተቆረሰ። ትዕዛዙ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጠኝና «አሁን ስለ ጤፍ አውራ» አለኝ። ባንቺአየሁ ልጅቱን አቅፋ ከግራሩ በኩል ባለው በር ወጣች። ከእሾህ አጥሩ አጠገብ ትንሽ ቆመች። አዲሷን ልጅ ወደ ድንጋዩ ዘንበል አድርጋ አሳየቻት፤ ያለችውን ግን አልሰማሁም።

አባ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ መጡ። «የሚመጣውስ እሁድ?»

«ትኬቴ ለታኅሣሥ ነው፣ አባ።»

«የሚመጣው እሁድ ኅዳር ነው።»

እንደገና ፊቴን ማሻሸት ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ የማመካኝበት እብቅ እንኳ አልነበረም።

በኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ከደብሩ በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የለም፣ አጭር መልእክት ግን ይሄዳል። እዚያ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከታች ሰዉ በየአቅጣጫው ወደ ቤቱ ሲበተን ይታያል፤ ነጩ ነጠላ በጤፉ ቃርሚያ መሃል እየቀጠነ ይሄዳል። አብተው ንገረኝ ብሎ ነበር። ስልኩን አውጥቼ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ።

«ገብረሰንበት ብዬ አንሥቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ልብስህ አጠረኝ። እጄ እንዳንተ አልጋለም፤ ተንቀጠቀጠ ግን። ምን ያስፈራሃል ብለኸኝ ነበር። የሚያንቀጠቅጠው ምን ይመስልሃል?»

መልእክቱ ተልኳል አለኝ። ፀሐይ እስክትበረታ ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሁድ ገብቻለሁ፤ ከቅዳሴ ስወጣ ሁልጊዜ ወደ ቋጥኙ እወጣለሁ፣ ስልኩን ወደ ቡሬ በኩል ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።